ስምንቱ «ዓፄ»ዎች፦ ኮድ ሳትጽፉ ኪዊክስን ለማገዝ

ደብረ ታቦር ውስጥ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ ድሮ የመጻሕፍት ካርድ ይቀመጥበት በነበረው ቁም ሣጥን ላይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ ላፕቶፕ አለ። ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ሥራው ዊኪፔዲያን በሆዱ ይዞ፣ አጠገቡ ባለችው ትንሽ ራውተር በኩል ለተማሪዎች ስልክ ማደል ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት ይበቃዋል። መብራትም ሲጠፋ ባትሪው አርባ ደቂቃ ያህል ይታገላል።

ውስጡ ያለው ፕሮግራም ኪዊክስ ይባላል። ኢማኑኤል ኤንግልሃርትና ሬኖ ጎዳን የተባሉ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 የጀመሩት ነው፤ በነፃ ይታደላል፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ኮዱ ክፍት ነው ሲባል ብዙ ሰው «እንግዲያው ለፕሮግራመሮች ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔም አዙሬ ነበር። ፊቴን የመለሰችው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ «ጋሼ፣ ማሽኑ ቴዎድሮስን አያውቃቸውም» አለችኝ። ደብረ ታቦር ላይ! ሴባስቶፖል የተሠራባት ጋፋት አፍንጫችን ሥር ናት። አፈርኩና ስልኳን ተቀበልኳት። «አጼ ቴዎድሮስ» ብላ ጽፋለች። እኔ «ዓፄ ቴዎድሮስ» ብዬ ስጽፍ ወዲያው ወጡ። ልጅቷ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አየችና «ያው አይደል እንዴ?» አለች።

ለእኛ ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን «ጸ» ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ቁጥሩ 1338 ነው፣ «ፀ» ደግሞ 1340፤ እንደ «በ» እና «ከ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የቃሉ መነሻ «አ»፣ «ኣ»፣ «ዐ» ወይም «ዓ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ፊደል «ጼ» ወይም «ፄ»። አራት በሁለት ስምንት። አንድ ንጉሥ በስምንት ስም ይጠራል፤ ማሽኑ የሚያውቀው ግን ጽሑፉ ውስጥ ያገኘውን ብቻ ነው። ይህን ችግር በሌላ አገር ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ሊያየው አይችልም። የሚያየው «ያው አይደል እንዴ?» የሚል ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ አስነሡት

ማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይሆናል። ከኪዊክስ ድረ ገጽ ሁለት ነገር ታወርዳላችሁ፤ ሰርቨሩን (ለስልኮቹ የሚያድለውን ፕሮግራም) እና ይዘቱን። ይዘቱ «ዚም» በሚባል ፋይል ታሽጎ ይመጣል፤ አንድ ሙሉ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉና ከነመፈለጊያው በአንድ ፋይል። ስሙ ላይ «ማክሲ» ካለ ሙሉው ነው፤ «ኖፒክ» ካለ ሥዕል የለውም፤ «ሚኒ» ካለ ከየጽሑፉ መግቢያው ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው ማክሲ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። የአማርኛው ከነሥዕሉ ትንሽ ፍላሽ ላይ ይገባል፤ ይህ ለማውረድ ቢመችም የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ትልልቆቹን ፋይሎች በፍላሽ የምታመላልሱ ከሆነ ፍላሹ በ«ፋት 32» የተፎረመተ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። እኔ ይህን የተማርኩት ጥሩ መስመር ያለው ወዳጄ ዘንድ ባሕር ዳር ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ ነው። ፋይሉ ወርዶ፣ ፍላሹ እምቢ አለ፤ የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ሰዓቱ ደርሷል። ባዶ እጄን ተመለስኩ። «ኤክስፋት» አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት።

ሰርቨሩ የሚነሣው ከጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ነው፤ የፕሮግራሙን ስም፣ የፖርት ቁጥር (እኔ 8080 እጠቀማለሁ)፣ ከዚያ የዚሙን ፋይል ስም ትጽፋላችሁ። ተማሪው በስልኩ ብራውዘር የላፕቶፑን አይፒ አድራሻና ያንኑ ቁጥር ሲያስገባ መጻሕፍቱ ይደረደሩለታል። ይህን አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ወር ሰው ሲጠቀምበት ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሳይጠቀም ለማገዝ የሚቸኩል ሰው የሚያመጣው ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ የኪዊክስ ሰዎችም አያጡም።

ችግርን መጻፍ

የኪዊክስ ሥራ ጊትሃብ ላይ ይካሄዳል፤ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት ድረ ገጽ ነው። ኮዱ በአንድ ቤት ውስጥ አይደለም፤ የዚም ፋይልን የሚያነበው «ሊብዚም»፣ ሰርቨሩ የቆመበት «ሊብኪዊክስ»፣ ዊኪፔዲያን ሰብስቦ ዚም የሚያደርገው «ኤምደብሊው ኦፍላይነር» ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ የችግር መዝገብ አለው። የተሳሳተው በር ላይ ብታንኳኩ ወደ ትክክለኛው ስለሚመሯችሁ በዚህ አትጨነቁ።

የሚያስጨንቀው የአጻጻፉ ነገር ነው። የእኔ የመጀመሪያ ሪፖርት አንድ መስመር ነበረች፦ «የአማርኛ ፍለጋ አይሠራም»። በማግስቱ አራት ጥያቄ መጣልኝ፤ የትኛው የሰርቨር እትም? የትኛው ፋይል? ምን ጻፍክ? ምን ጠበቅህ? እውነቱን ለመናገር ለሁለት ቀን አኩርፌአለሁ። ማሽኑ እኮ አይሠራም፣ ሌላ ምን ልበል? በሦስተኛው ቀን ነው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እኔ ራሴ በየቀኑ የምጠይቀው ጥያቄ መሆኑ የገባኝ። «ያ ቀዩ መጽሐፍ የለም ወይ?» ለሚለኝ ተማሪ የምመልሰው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሪፖርቴ እንዲህ ነበር። የሰርቨሩ የእትም ቁጥር። የዚሙ ፋይል ሙሉ ስም፣ ዓመትና ወሩ ሳይቀር፤ ቀኑ ስሙ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ የጻፍኩት ቃል፣ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ፤ ምክንያቱም ፊደላችንን በኪቦርዱ መጻፍ የማይችል ሰው ቀድቶ መሞከር አለበት። ከየቃሉ አጠገብ ስንት ውጤት እንደወጣ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «እነዚህ ሁለት ፊደላት በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ቁጥራቸው 1338 እና 1340 ነው፤ አንባቢ ሁለቱንም ይጽፋል።» ፊደላችንን የማያውቅ ሰው «ጸ» እና «ፀ»ን ሲያይ ሁለት ሥዕል ነው የሚያየው፤ ቁጥሩ ግን ለሁሉም ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነበር፤ ማንም ስለ ሰዋስው አልጠየቀኝም።

አዲስ ሪፖርት ከመክፈታችሁ በፊት መዝገቡን ፈልጉ፤ የተዘጉትንም ጭምር። ሌላ ሰው ከቀደማችሁ እዚያው ሥር የራሳችሁን ማስረጃ ጨምሩ። «እኔም» ብቻ ብሎ መጻፍ ግን ለማንም አይጠቅምም።

መፍትሔው በሳምንት ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ኪዊክስ ለፍለጋ የሚጠቀመው «ዛፒያን» የተባለ ሌላ ክፍት ፕሮግራም ነው። ዛፒያን የእንግሊዝኛን ቃል ቅጥያ ቆርጦ ሥሩን መፈለግ ያውቃል፤ ለአማርኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለውም። ስለዚህ «መጽሐፍ» እና «መጻሕፍቱን» ለእሱ ባዳ ናቸው። ይህ የአንድ ሰው የአንድ ማታ ሥራ አይደለም።

የአንድ ማታ ሥራ የሆነው

አንድ ማታ የሚበቃው ሥራ ሌላ ቦታ ነው፤ አማርኛው ዊኪፔዲያ ራሱ ላይ። እዚያ «መምሪያ መንገድ» የሚባል ነገር አለ፤ አንድ ርእስ ሲጠራ ወደ ሌላ ርእስ የሚወስድ ባዶ ገጽ ነው። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ሲሰበስብ መምሪያ መንገዶቹንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ያበጃችሁት መንገድ በሚቀጥለው የዚም እትም ኢንተርኔት የሌለበት ትምህርት ቤት ድረስ ይሄዳል፤ የማታውቁት ልጅ ስልክ ላይ ይከፈታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዊኪፔዲያ ላይ መለያ ክፈቱ። ዋናው ጽሑፍ በየትኛው ፊደል እንደተሰየመ አረጋግጡ። ሰዎች የሚጽፉትን ሌላውን አጻጻፍ ፈልጉ፤ ከሌለ በዚያ ስም ገጽ ክፈቱና ወደ ዋናው አዙሩት። ከማስቀመጣችሁ በፊት ቅድመ እይታውን ተመልከቱ፤ ቀስቱ ትክክለኛውን ርእስ ማሳየት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልናዘዝ። መጀመሪያ ማታ በጉጉት ስምንቱንም «ዓፄ»ዎች ላበጅ ተነሥቼ ነበር። አያስፈልግም። በ«ኣ» የሚጽፍ ትግርኛ ጸሐፊ ነው፤ የእኛ ተማሪዎች አይጽፉትም። ሰው በእጁ የሚጽፈውን ብቻ አብጁ። ሁለተኛ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው በሚለው ክርክር አትግቡ። እኔ የግእዙን ሥር ይዤ የምሟገት ሰው ነኝ፤ ቤቴ ውስጥም በዚህ ምክንያት ምሳ ቀዝቅዟል። ነገር ግን መምሪያ መንገድ ፍርድ ቤት አይደለም። ተሳስቶ የጻፈም ሰው መድረስ አለበት።

ትርጉም

የኪዊክስ ቁልፎችና መልእክቶች የሚተረጎሙት «ትራንስሌትዊኪ» በተባለ ድረ ገጽ ነው። መለያ ትከፍታላችሁ፣ አማርኛን ትመርጣላችሁ፣ መልእክቶቹ አንድ በአንድ ይመጡላችኋል። የጻፋችሁት ወደ ፕሮግራሙ የሚገባው በራሱ ነው፤ ጊትሃብን መንካት የለባችሁም። ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያለ ቃል ስታዩ እንዳለ ተዉት፤ ፕሮግራሙ ቁጥር ወይም የመጽሐፍ ስም የሚያስገባበት ቀዳዳ ነው። ቦታውን ማዛወር ግን ትችላላችሁ፣ አንዳንዴም ትገደዳላችሁ፤ የእንግሊዝኛው ግስ ፊት ይቀድማል፣ የእኛ መጨረሻ ይቀመጣል።

አድካሚው ትንንሹ ቃል ነው። «ፈልግ» የሚል ቁልፍ ወንድ ልጅን ነው የሚያዝዘው፤ እኔ ዘንድ ከሚመጡት ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ቁልፍ ላይ ስም እጠቀማለሁ፦ «ፍለጋ»፣ «ማውረጃ»። ዓረፍተ ነገር ሲሆን «ይፈልጉ»። እንግሊዝኛው ከቁጥር በኋላ ነጠላና ብዙውን በቅንፍ ሲያጭቅ እኛ በቀላሉ «12 መጽሐፍ» ብለን እናልፋለን፤ «12 መጽሐፎች» ማለት ግዴታ አይደለም። ማሽኑ ራሱ መርጦ አንድ ገጽ የሚከፍትበት ቁልፍ ደግሞ አንድ ሙሉ ከሰዓት ወስዶብኛል። «በዘፈቀደ» ብዬ ነበር፤ አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ «ምነው፣ ቸልተኛ አስመሰልከው» አለችኝ። አማርኛው ዊኪፔዲያ «ማናቸውንም ለማየት» ይለዋል፤ ቢረዝምም ጨዋ ነው። እኔ አሁን «ያጋጠመው ገጽ» የሚለው ይሻላል ባይ ነኝ፤ መጽሐፍ ገልጦ ያጋጠመውን እንደ ማንበብ።

የመረጣችኋቸውን ቃላት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና አጠገባችሁ አኑሩ። ከእናንተ በፊት የተረጎመ ሰው ካለ የእሱን ቃል ያለ ምክንያት አትለውጡ። ኮሊብሪ የተባለውን፣ እንዲሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የትምህርት ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆናችሁም ነገሩ ያው ነው፤ የእነሱ ትርጉም «ክራውዲን» በተባለ ድረ ገጽ ላይ ነው የሚሠራው።

ሌላው በአጭሩ

አዲስ እትም ሲወጣ ቀድሞ መሞከርም እርዳታ ነው። የሙከራ እትሙን በሌላ ማሽን ላይ አድርጉት እንጂ ተማሪ የሚጠቀምበት ላይ አይሁን። ከመስክ የሚመጣ ዝርዝር ይወደዳል፦ ስንት ስልክ አንድ ጊዜ ሲገባ እንደሚዘገይ (በእኔ ራውተር ከሃያ በላይ ሲሆን ማቃሰት ይጀምራል)፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ ምን እንደሚበላሽ። ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ በተለይ የሚሞሪ ካርዱን ግልባጭ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ፤ በድንገት የሚቋረጥ መብራት ካርድ ይገድላል።

ሌላ ድረ ገጽ በዚም እንዲዘጋጅ መጠየቅም ይቻላል፤ ለዚህ የተለየ የጥያቄ መዝገብ አላቸው። ስትጠይቁ የይዘቱ ባለቤት መቅዳትን መፍቀዱን ማሳየት አለባችሁ። የታተመ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ማምጣት እርዳታ አይደለም፤ ደራሲዎቻችን በዚህ በኩል ያዩት ይበቃቸዋል።

ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሊብዚምና ሊብኪዊክስ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ የአንድሮይዱ መተግበሪያ በኮትሊን፣ ይዘት ሰብሳቢዎቹ አብዛኛዎቹ በፓይተን የተጻፉ ናቸው። ለጀማሪ የተተዉ ሥራዎች ምልክት አላቸው፤ ከእነሱ አንዱን ያዙ። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ሠንጠረዥ የሚጽፍልን ሰው ከመካከላችሁ ቢገኝ ቡናው በእኔ ነው።

አዲሱ ዚም ሲወጣ አሮጌውን ወዲያው አታጥፉ። የፋይሉን ማረጋገጫ ቁጥር (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አወዳድሩ፣ ክፈቱት፣ ጥቂት ቃላት ፈልጉበት፣ ከዚያ በኋላ ነው አሮጌው የሚሰናበተው። እኔ የምፈልጋቸውን ቃላት የማገኘው ከላፕቶፑ አጠገብ በክር ካንጠለጠልኩት ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ «ማሽኑ ያላወቀው» ተብሎ ተጽፏል፤ ተማሪዎቹ ፈልገው ያጡትን ቃል ራሳቸው በጻፉበት ፊደል ያሰፍሩበታል። የመጀመሪያው መስመር የዚያችው ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት የገባው የመጨረሻው ቃል «ስእል» ነው። «ሥዕል»ም፣ «ስዕል»ም፣ «ሥእል»ም አለ፤ ሁለቱን ሞክሬአለሁ፣ ሁለቱ ይቀሩኛል።