ማሪላንድ ገና ያልደረሰው ጎል፦ ጨዋታን በቪዲዮ ጥሪ አብሮ ለማየት ስናስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የኳታሩ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። እኛ አዲስ አበባ ሳሎን ተሰብስበናል፣ ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ማሪላንድ ነው፣ እህቴ ዱባይ ናት። በየራሳችን ቴሌቪዥን እያየን በአንድ የቪዲዮ ጥሪ ተገናኝተናል። አርጀንቲና 2 ለ 0 እየመራች 80ኛው ደቂቃ ላይ ምባፔ ፔናሊቲ አገባና ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወንድሜ ስልኩ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» ይላል። እሱ ጋ ዳኛው ገና ፊሽካ አልነፋም። መልስ ሳንሰጠው ምባፔ ሁለተኛውን ደገመ፤ በሁለቱ ጎሎች መካከል 97 ሰከንድ ብቻ ነበር። እኛ ለሁለተኛው ስንዘል እሱ ገና የመጀመሪያውን እያየ ነው። «በቃ፣ ሁለቱንም ነገራችሁኝ» አለና ዘጋው። 3 ለ 3 የሆነውን ያንን ጨዋታ፣ ተጨማሪ ሰዓቱንም መለያ ምቱንም ብቻውን ጨረሰው። እስካሁን ሲነሳበት ይናደዳል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨዋታ አብረን አይተናል፣ ብዙም አበላሽተናል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የኛው ቤት ናቸው።

ጨዋታው ሁሉም ቤት እኩል የሚደርስ ይመስለናል

አይደርስም። በሳተላይት ዲሽ የሚመጣው ስርጭት ከሜዳው የሚዘገየው በጥቂት ሰከንዶች ነው። በኢንተርኔት የሚታየው ግን ቪዲዮው በትንንሹ እየተቆራረጠ ነው የሚላከው፤ ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ ደግሞ እንዳይቆምበት የተወሰነውን ቀድሞ ያጠራቅማል። ስለዚህ ግማሽ ደቂቃ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ ኔትወርኩ አንዴ ካንገራገረ ከአንድ ደቂቃም ያልፋል። የቪዲዮ ጥሪው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ይደርሳል። የናንተ ጩኸት ከኳሷ ቀድሞ አሜሪካ የሚገባው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ያለውን የጨዋታ ሰዓት እያንዳንዱ ቤት ጮክ ብሎ ያንብብ። «እኔ ጋ 3 ከ40 ነው።» «እኔ ጋ 3 ከ05።» የቀደመው ሰው 35 ሰከንድ ማስቆም አለበት። ወደ ኋላ የቀረውን ወደ ፊት መግፋት አይቻልም፤ ቢበዛ እሱ በኢንተርኔት የሚያይ ከሆነ ወደ ቀጥታ ስርጭቱ የሚመልሰውን ቁልፍ ነክቶ ትንሽ ይጠጋ ይሆናል። ስርጭት ማስቆም የሚችል ዲኮደር ያለው ቤት ቀድሞ ቢሆን ጥሩ ዕድል ነው። እኛ ቤት ማስቆም የማይችል አሮጌ ዲኮደር ስለነበረ ለስድስት ወር ያህል የሠራነው በሌላ ዘዴ ነው፦ እኛ ጋ ጎል ሲገባ ማይኩን እንዘጋለን፣ ወንድሜ ጋ እስኪደርስ እንጠብቅና እንከፍታለን። እማዬ ግን አልቻለችም። ማይኩ ቢዘጋም ካሜራው ላይ እጇን ራሷ ላይ ስትጭን ትታያለች።

አትሌቲክስ ላይ ይህ ነገር ይቀላል። የሩጫው ሰዓት ስክሪኑ ላይ ከመነሻው ጀምሮ ሳይቋረጥ ስለሚሄድ ማስተካከል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እግር ኳስ ላይ ግን ከዕረፍት በኋላ ደግማችሁ ማንበብ አለባችሁ፤ አንደኛው ቤት በዕረፍቱ ቻናል ሲቀይር ወይም ስርጭቱን ዘግቶ ሲከፍት ልዩነቱ ይለወጣል።

ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ማዞር

ወንድሜ አንድ ጊዜ የሚያይበት ክፍያ አልቆበት «ካሜራውን ወደ ቲቪው አዙሩልኝ» አለን። አዞርን። ያየው አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ የሚርመሰመስ ጉንዳን ነው። የቪዲዮ ጥሪ የተሠራው ለፊት ነው፤ ዳታ የሚቆጥበው ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የተለወጠውን ብቻ በመላክ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ የሚንቀሳቀሰው አፉና ቅንድቡ ስለሆነ ይበቃዋል። ኳስ ላይ ግን ካሜራው ራሱ ኳሷን እየተከተለ ሲዞር ስክሪኑ በሙሉ ይለወጣል፤ ጥሪው መሸከም ሲያቅተው ምስሉን ወደ ካሬ ካሬ ይለውጠዋል፣ ኳሷም ካሬው ውስጥ ትጠፋለች።

በዚህ ላይ እናንተን ማየት ቀረበት። ለእኔ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው፤ ጨዋታውን ነገ ድጋሚ ሊያየው ይችላል፣ አባባ ኦፍሳይድ ሲሉ የሚያሳዩትን ፊት ግን የትም አያገኘውም። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ ሶፋው አዙራችሁ አቁሙት። እጅ ላይ አትያዙት፤ ጎል ሲገባ የሚታየው ጣራ ብቻ ይሆናል።

ከስታዲየም መደወልም ከዚሁ ይመደባል። የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ላይ ከትሪቡን ቪዲዮ የሚደውል ወዳጅ ሁላችንም አለን። በሺዎች የሚቆጠር ስልክ በአንድ አካባቢ ኔትወርክ ሲሻማ ጥሪው ይቆማል፣ እሱም ስልኩን ሲያይ ጨዋታው ያመልጠዋል። የደጋፊውን ዜማ በድምፅ መልእክት ቀድቶ ቢልክ በስንት ጣዕሙ።

ስክሪን ሼር ያድነናል ማለት

ብዙ ሰው የሚሞክረው ነው፦ አንዱ ከፍሎ የሚያየውን ስክሪኑን አጋርቶ ለሌሎች ማሳየት። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የሚከፈልባቸው የስርጭት አፖች ምስላቸው እንዳይቀዳና እንዳይጋራ የሚከለክል ጥበቃ አላቸው። በውላቸውም የተከለከለ ነው። ሁለት ሰዓት እያስተካከላችሁ ከምትለፉ፣ በየአገሩ የትኛው ቻናል እንደሚያሳየው ከሁለት ቀን በፊት ማጣራት ይሻላል።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ማውራት

ሦስት ቤት፣ ሦስት ኮሜንታተር፣ ሁሉም የተለያየ ሰከንድ ላይ። ስልኩ የራሱን ድምፅ ማስተጋባት ማጥፋት ያውቃል፤ ከቴሌቪዥናችሁ የሚወጣውን ግን ስለማያውቀው ለሁሉም ይልከዋል። ይባስ ብሎ ጫጫታ የሚያጠፋው ክፍሉ የስታዲየሙን ጩኸት ሊቆርጥ ሲል የናንተንም ድምፅ አብሮ ይቆርጠዋል፤ «ግ... ል... አላ... ም» ብቻ ይሰማል። ኢርፎን አድርጉ፣ ወይም ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጉት።

ለአንዱ የማይሠራ አፕ መምረጥ

ኤምሬትስ ውስጥ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አይሠራም፤ እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቦቲም የሚባለውን አፕ የሚጠቀሙት ወደው አይደለም። እህቴ ይህን ደጋግማ ስትነግረን እኛ «ቆይ ዋትስአፑን ሞክሪው» እያልን የስንት ጨዋታ መጀመሪያ አስመለጥናት። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ ቦቲም ጭኗል። አንድ ሰው የማይችለው አፕ ካለ ሌሎቹ እሱ ወደሚችለው ይሂዱ፤ ብቻዋን ያለችው እሷ ናት።

ዙም ለምትወዱ ደግሞ፦ በነፃው የሚፈቀደው 40 ደቂቃ ነው። የእግር ኳስ አንድ አጋማሽ 45 ነው። ቀሪውን ራሳችሁ አስሉት።

ሰዓት ላይ «እንተዋወቃለን» ብሎ ማለፍ

ይህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን። ፓሪስ ከጠዋቱ 8 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር፣ እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አባባ ለወንድሜ ልጅ በስልክ «ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ እንዳትተኛ» አሉት። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ነው፤ አላርሙን በራሱ ሌሊት 3 ሰዓት ላይ ሞላው። ማራቶኑ እሱ ጋ የተነሣው ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነበር። ልጁን ያዳነው የርቀቱ ርዝመት ነው፦ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲገባ ታምራት ቶላ ገና ከቡድኑ አልተነጠለም። 1500 ሜትር ቢሆን ኖሮ ሜዳሊያው ተሰጥቶ፣ መዝሙሩ ተዘምሮ ነበር የሚነሣው።

ስለዚህ ሰዓት ስትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ፦ «አዲስ አበባ ቀን 11 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ጠዋት 10»። ሌላም አለ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ቅዳሜ ለንደን ላይ ከሰዓት በኋላ 3 የሚጀመር የፕሪምየር ሊግ ጨዋታ ሊጉ ሲጀመር እኛ ጋ 11 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ግን ምሽት 12 ይሆናል። ዋሽንግተን ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 10 እንደሆነ ይቀራል። አውሮፓና አሜሪካ ሰዓት የሚቀይሩት በተለያየ ሳምንት ስለሆነ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማርች ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ ኦክቶበር ሲያልቅ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ዋሽንግተን 11 ይሆናል። ወንድሜ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ቀድሞ ይደውልና «የት ገባችሁ?» ይላል። በየዓመቱ።

መብራት ሲጠፋ ጥሪውን መዝጋት

በዚያው ማራቶን ላይ፣ ታምራት ብቻውን ከወጣ በኋላ፣ እኛ ሰፈር መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑም ዋይፋዩም አብረው ሄዱ። ልዘጋው ስል አባባ «ተው፣ እሷ ታውራ» አሉ። ቪዲዮውን አጠፋን፣ ድምፁ ብቻ በሞባይል ዳታ ቀረ። እህቴ የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደ ስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ልትሆን ሞከረች። «አሁን ብቻውን ነው፣ ወደ ኋላ እያየ ነው... የለም ማንም የለም አባባ!» ጨለም ባለው ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰው አንድ ስልክ ከቦ ተቀምጧል። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፤ ሁለተኛው የመጣው ከ21 ሰከንድ በኋላ ነው። ታምራት ደግሞ ለተጎዳው ሲሳይ ለማ በተጠባባቂነት የገባ ነበር። ውድድሩን እስካሁን በምስል አላየሁትም፣ ማየትም አልፈለግሁም።

በነገራችን ላይ ቪዲዮው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋ ተኩል ሊበላ ይችላል፣ ድምፅ ብቻ ግን 100 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ፓኬጁ ሲያልቅ ከመዝጋት ካሜራውን ማጥፋት ይቀድማል። ፓወር ባንኩንም ከጨዋታው በፊት ሙሉት።

ሳያስፈቅዱ መቅዳት

አጎት ቡድኑ ተሸንፎ ሲያለቅስ ቪዲዮው ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ አጎት ጥሪው ላይ ካሜራውን ከፍቶ አያውቅም።

በዕረፍት ሰዓት ስልኩን መዝጋት

45 ደቂቃ አብረን አይተን፣ ዳኛው ሲነፋ «እንደዋወላለን» ብለን እንዘጋ ነበር። እማዬ ናት ያስቆመችን። እሷ ኳስ አትወድም፤ ቡናውን የምታፈላው ልክ በዕረፍቱ እንዲደርስ አድርጋ ነው፣ ልጆቿን የምታይበትም ያቺ 15 ደቂቃ ናት። አሁን ዕረፍቱ የእሷና የአባባ ነው።

የአባባ ወሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ልጅ ነበሩ፣ መግቢያ የላቸውም፣ ከስታዲየሙ አጥር ውጭ ቆመው ነው የተከታተሉት። «አላየሁትም፣ ሰማሁት» ይላሉ። ስታዲየሙ ሲጮኽ የኛ ነው፣ ጭጭ ሲል የግብፅ ነው። አራት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለት ጊዜ ጭጭ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጩኸቶች በተጨማሪ ሰዓት ነበሩ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል እሳቸው አጥሩ ሥር ነበሩ።

ባለፈው የወንድሜ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ «አባባ፣ እርስዎም እኮ እንደኛ ዘግይተው ነው የሰሙት» አላቸው።

«እኛ አልዘገየንም» አሉ አባባ። «ዝም በል አሁን፣ ተጀመረ። ሰዓትህን አንብብ።»

«45 ከ12... 13...»

«ቆይ ቆይ፣ ሪሞቱ የት ሄደ?»