ማሳችሁን አውሬ ሲጨርሰው፣ ጠመንጃ ከመነሳቱ በፊት

ሱሉልታ፣ እንጦጦ ጀርባ ወይም መናገሻ አካባቢ መሬት ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማታ ደህና የነበረ ድንች ጠዋት ተገለባብጦ ይገኛል። ወዲያው አንዱ ጎረቤት «ጠመንጃ ያለው ሰው እንጥራ» ይላል። ቆይ፣ መጀመሪያ ማን እንደበላው እንወቅ።

ዱካውን በማለዳ እዩ። ድንቹ ተቆፍሮ ግማሹ ከተጋጠ፣ አጠገቡም ጥቁርና ነጭ እሾህ ከወደቀ ጃርት ነው፤ እሱ ሌሊት እንጂ ቀን አይመጣም። አፈሩ በአፍንጫ የታረሰ ከመሰለ ከርከሮ ወይም የዱር አሳማ ነው። ድኩላ አይቆፍርም፣ ለጋ ቅጠል ቀንጥቦ ወደ ጫካው ይመለሳል። ዝንጀሮ በጠራራ ፀሐይ ከነመንጋው ነው የሚወርደው። ጅብ ፍየል ይወስዳል እንጂ ድንች አይቆፍርም፣ ስለዚህ በሌላው ጥፋት እሱን አታሳዱ።

ለጃርት መፍትሔው አጥር ነው። ዘሎ ሳይሆን ከሥር ቆፍሮ ስለሚገባ የሽቦ መረቡን ወይም አሮጌ ቆርቆሮውን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ቅበሩት። ድንችና ካሮት ቤት አጠገብ ይተከል፣ የደረሰውም ማሳ ላይ አይክረም።

ዝንጀሮን የሚመልሰው ሰው ብቻ ነው። ማማ ሥሩ፣ ወንጭፍና ጅራፍ ያዙ፣ ከጎረቤት ጋር ወረፋ ግቡ። ማስፈራሪያ ልብስ ብትሰቅሉለት ሁለት ቀን አይቶ ሦስተኛው ቀን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይበላል። ልጆችን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማማ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቅር።

ስለ ተኩስ እንነጋገር። ያለ ፈቃድ ማደን በዱር እንስሳት አዋጅ የተከለከለ ነው፣ ጠመንጃውም ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይፈልጋል። ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ እነዚህ ሰፈሮች ዛሬ ቤት በቤት ሆነዋል፤ የሳታችሁት ጥይት የት እንደሚያርፍ አታውቁም። አንድ ዝንጀሮ ቢወድቅ መንጋው እናንተ ዞር ስትሉ ይመለሳል። ድኩላ ላይ የሚተኩሰው ደግሞ፣ እውነቱን እናውራ፣ ለጎመኑ አዝኖ ሳይሆን ሥጋው አምሮት ነው። ያ ጥቁር ወንድ ድኩላ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው የምኒልክ ድኩላ ነው።

«ባሌና አርሲ ይታደን የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይታደናል። እዚያ ግን አደኑ በተከለለ ቦታ፣ በኮታ፣ ብዙ ዶላር ከፍሎ በሚመጣ እንግዳና አብሮት በሚሄድ ባለሙያ አዳኝ ነው፤ የደጋ አጋዘን ከሆነም ያደገ ወንድ ብቻ ነው የሚመታው። ገንዘቡ የአካባቢው ገበሬ ኪስ ሲደርስ ጫካውን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። ካልደረሰ ግን ለሱ አደኑ ባዶ ጩኸት ነው። መናገሻ ዳር ድኩላ ጥሎ ሌሊት በጆንያ ከሚያሸሽ ሰው ጋር አታመሳስሉት።

ከጥይትም የባሰው መርዝ ነው። መርዝ የተቀባ ጥንብ ጅቡን ብቻ አይገድልም፤ ጥንብ አንሳውንም የጎረቤት ውሻንም ይጨርሳል። ወጥመድም ጥጃ ይይዛል። ሁለቱንም ተዉአቸው። ለጅብ ፍየሎቹን ማታ ጣሪያ ያለው በረት ውስጥ ዝጉ፣ የሞተ ከብትም ሰፈር ዳር አትጣሉ።

ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ የተበላውን ማሳ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና የጠፋውን መጠን መዝግቡ። ከዚያ ብቻችሁን ሳይሆን ከጎረቤቶች ጋር ፈርማችሁ ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስገቡ። በቃል ያመለከተ ሰው «ነገ ና» ሲባል ይከርማል፤ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡትና ቅጂውን ያዙ።