ለሐጅና ለኡምራ ጉዞ የሞባይል ዳታ ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከኢትዮጵያ ለሐጅ ወይም ለኡምራ የሚነሣ ሰው ስለ ኢሕራም ልብስ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሻንጣ ክብደት ለሳምንታት ሲጠይቅ ይሰነብታል። ስልኩ ትዝ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜም የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ጊጋ ልግዛ?» ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት ሲገባው መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ከእሱ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ ብዙ ዳታ የሚያልቀው ባለቤቱ ሳያውቀው ስልኩ ራሱ በሚልካቸውና በሚያወርዳቸው ነገሮች ነው። ሁለተኛው፣ ኔትወርክ በጣም የሚያስፈልግባቸው ቀናት ኔትወርክ በጣም የሚጨናነቅባቸው ቀናት ናቸው። የሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ የሚመነጩ ናቸው።

በጭፍን ትልቁን ጥቅል መግዛት

ሒሳቡን አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መሥራት ይበቃል። የጽሑፍ መልእክት ከቁጥር አይገባም። በዋትስአፕ የሚላክ ፎቶ ተጨምቆ ስለሚሄድ በተለመደው ጥራት ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አይዘልም። የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በቀን ሃያ ደቂቃ የሚያወራ፣ ዐሥር ፎቶ የሚልክና ካርታ የሚያይ ሰው በግምት 30 ሜጋባይት ያወጣል፤ በወር አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም።

ቪዲዮ ሲገባ ሁሉም ነገር ይለወጣል። የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ 5 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ይበላል። በቀን ግማሽ ሰዓት ከልጆች ጋር ፊት ለፊት መተያየት በወር ወደ 4.5 ጊጋባይት ይጠጋል። ሆቴል ውስጥ ተጋድሞ በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ዩቲዩብ የሚያይ ሰው ደግሞ ግማሽ ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ከእነዚህ ተጓዦች የትኛው ነኝ?» የሚለው ነው። መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ትልቁ ጥቅል ለኦፕሬተሩ የሚሰጥ ሰደቃ ነው።

ጥቅሉ የሚያልቅበትን ቀን አለማየት

ይህ ከመጠኑ የባሰ ጥፋት ነው። ኡምራ በአንድና በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ይችላል፤ ለሐጅ የሚሄድ ሰው ግን ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ሳምንታትን ያሳልፋል፤ የሐጁ ዋና ሥራ የሚውለው ዙልሒጃ በሚባለው የሂጅራ ወር ከ8 እስከ 13 ባሉት ቀናት ነው። ቀደም ብሎ የገባ ተጓዥ ጂዳ እንደወረደ የገዛው ጥቅል መዲናና መካ ላይ ሲያገለግለው ቆይቶ፣ መካ አጠገብ ወዳለው የድንኳን ሰፈር ወደ ሚና በሚወጣበት ዋዜማ ጊዜው ሊያበቃ ይችላል። ሚና ድንኳን ውስጥ ሆኖ ካርድ መፈለግ ምን እንደሚመስል የሄዱበትን ይጠይቁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አነስተኛ ጥቅል ገዝቶ፣ ዋናውን ከዙልሒጃ 8 አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ መግዛት። ጥቅሉ በ24 ሰዓት ይቆጥር ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ ይዝጋ የሚለውንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ደግነቱ የመካና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ በዚያ በኩል ግራ የሚያጋባ ነገር የለም።

ስልኩ በድብቅ የሚሠራውን መርሳት

በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 100 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ሐረም ውስጥ ዐሥር ደቂቃ የቀረጸ ሰው አንድ ጊጋባይት ኪሱ ውስጥ ይዟል ማለት ነው። ጉግል ፎቶስ ወይም አይክላውድ በሞባይል ዳታ እንዲያስቀምጥ ከተፈቀደለት ያንን ሁሉ ወደ ላይ ይጭነዋል፤ ባለቤቱም ጠዋት ተነሥቶ «ምንም ሳልከፍት ዳታዬ አለቀ» ይላል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የሚከታተሉትን ቻናል ሲከፍቱ፣ ያልነኳቸውን ቪዲዮዎች ስልኩ ዝም ብሎ ሊያወርድ ይችላል። የጉዞ ጓዶች የዋትስአፕ ቡድንም ከዚህ አይተናነስም፤ ሃምሳ ሰው አንዱን የካዕባ ቪዲዮ ሃምሳ ጊዜ ይለጥፈዋል።

ከመነሣትዎ በፊት የፎቶ ማስቀመጫውን፣ የመተግበሪያ ማሻሻያዎችን፣ የዋትስአፕንና የቴሌግራምን ራስ ሰር ማውረድ ወደ «በዋይፋይ ብቻ» ይቀይሩ። የስልኩን የዳታ ቆጣቢ ቅንብርም ያብሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። የቡድኑ አሚር (መሪው) ወይም አንድ ደግ ጓደኛ ሆትስፖት ሲከፍት፣ የሌሎቹ ስልኮች ያንን ግንኙነት የሚያዩት እንደ ተራ ዋይፋይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «በዋይፋይ ብቻ» ተብሎ የታገደው ሁሉ ነጻ ይወጣል፤ የአምስት ሰው ፎቶና የመተግበሪያ ማሻሻያ በአንድ ሰው ዳታ ላይ ይዘምታል። አንድሮይድ ላይ ያንን ዋይፋይ «ውስን» ብሎ መመደብ ይቻላል፤ አይፎን ላይ ደግሞ የዝቅተኛ ዳታ ቅንብር አለ። ሆትስፖት ከሚለምኑ ሰዎች የሚጠበቀው ትንሹ አደብ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሀገር ቤቱን ሲም ጭራሽ ማውጣት፣ ወይም ጭራሽ አለመቆጣጠር

የኢትዮጵያው ቁጥር ሁለት ሥራ አለው። ዋትስአፕና ቴሌግራም የተከፈቱት በእሱ ነው፤ ከባንክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥርም የሚደርሰው በእሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካለዎት የሀገር ቤቱን ከውስጡ አያውጡት። ሮሚንግ አገልግሎቱ (ሲሙ ውጭ ሀገር እንዲሠራ የሚያደርገው) መከፈቱን ግን አዲስ አበባ ሳሉ ያረጋግጡ፤ ሳዑዲ ከገቡ በኋላ ማስከፈት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ይህን ካደረጉ በኋላ ቁጥጥሩ ይመጣል። ዳታ ሮሚንግ ለኢትዮጵያው ሲም ይዘጋ፤ ዳታ የሚጠቀመው የሳዑዲው ሲም ብቻ ይሁን። በርካታ ስልኮች የአንዱ ሲም ኔትወርክ ሲደክም ወደ ሌላው በራሳቸው የሚዘሉበት ቅንብር አላቸው፤ እሱንም ያጥፉት። ያለ ጥቅል የሚቆጠር የሮሚንግ ዳታ ቀሪ ሒሳብን እንደ ዋዛ ይጨርሳል። ሮሚንግን ራሱን መጠቀም ከመረጡ ደግሞ ኦፕሬተርዎ ለሐጅ ወቅት ያዘጋጀው ጥቅል መኖሩን ጠይቀው፣ ገዝተው፣ ማረጋገጫ መልእክቱን አይተው ይሳፈሩ። ለአጭር ኡምራ ይህ መንገድ ዋጋው ከፍ ቢልም ከወረፋ ይገላግላል።

አዲስ ሲም ስላስገቡ ብቻ የዋትስአፕ ቁጥር መቀየር አያስፈልግም። መተግበሪያው በአሮጌው ቁጥር ይቀጥላል፤ ቁጥር ልቀይር የሚል ጥያቄ ሲመጣ አይቀበሉት። ስልኩ አንድ ሲም ብቻ የሚይዝ ከሆነ ያወጡትን ሲም በፓስፖርቱ ሽፋን ውስጥ በፕላስተር ይለጥፉ። ማውጫ መርፌውንም አይርሱ።

በሰው ስም የወጣ ሲም መያዝ

ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ሲም የሚወጣው በፓስፖርትና በጣት አሻራ ነው። ኤስቲሲ፣ ሞባይሊና ዜይን የተባሉት ኦፕሬተሮች በጂዳና በመዲና አውሮፕላን ማረፊያዎች ለመንገደኛ ይሸጣሉ። ወረፋው ያሰለቻልና፣ አንዳንዱ ተጓዥ ከመንገድ ሻጭ ይገዛል፤ ሌላው ጂዳ ያለ ዘመዱን ሲም ይቀበላል። ዘመድ በፍቅር ቢሰጥም ለቁጥሩ ተጠያቂው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። የመንገዱ ሲም ደግሞ በማን ስም እንደወጣ የሚያውቀው የለም፤ በአረፋ ዋዜማ ቢዘጋ አቤት የሚሉበት ቦታም የለም።

በእርሻና በጉልበት ሥራ የኖሩ አዛውንቶች አሻራቸው ስለሚደበዝዝ ማሽኑ አልቀበል ሊል ይችላል። ሌላ ጣት መሞከር፣ እጅን ማርጠብ፣ በትዕግሥት መድገም ይረዳል። ጨርሶ እምቢ ካለ ከቡድኑ ውስጥ አብሮ የሚያድር ሰው ስልክ ላይ መደገፍ ይሻላል።

ስለ ኢሲም፣ ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ ስለሚጫነው ሲም፣ አንድ ቃል፦ ከመግዛትዎ በፊት *#06# ይደውሉ፤ ከሚወጡት ቁጥሮች መካከል ኢአይዲ (EID) የሚል ከሌለ ስልክዎ ኢሲም አይቀበልም ማለት ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሸጡት ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስልኮች አብዛኞቹ አይቀበሉም።

አረፋ ላይ ኔትወርክ ይኖራል ብሎ መተማመን

እ.ኤ.አ. በ2025 ሐጅ ያደረጉት 1,673,230 ሰዎች ነበሩ። በዙልሒጃ 9 ይህ ሁሉ ሕዝብ አረፋ በሚባለው አንድ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ሲመሽ አንድ ላይ ወደ ሙዝደሊፋ ይነቀላል፤ ሁሉም ከቡድኑ እንዳይነጠል በአንድ ሰዓት ስልኩን ያወጣል። ኦፕሬተሮቹ ለወቅቱ ተጨማሪ ማማዎችን ቢተክሉም፣ ቪዲዮ የሚልከውና «የት ናችሁ?» የሚለው በአንድ መስመር ይጋፋሉ። ኪስ ውስጥ ያለ 50 ጊጋባይት እዚህ ቦታ ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ለእነዚህ ቀናት የሚደረገው ዝግጅት ስልኩ ያለ ዳታ እንዲሠራ ማድረግ ነው። የመካን፣ የሚናን፣ የአረፋንና የመዲናን ካርታ ሆቴል ዋይፋይ ላይ፣ ከተቻለም ሀገር ቤት ሳሉ ያውርዱ። የስልክ ጂፒኤስ ቦታዎን የሚያውቀው ከሳተላይት ስለሆነ ዳታ አይፈልግም። ጉግል ማፕስ ያለ ኢንተርኔት የሚሰጠው የመኪና መንገድ መሆኑን ግን ይወቁ፤ የእግር መንገድ አይመራም። ሚና ድንኳንዎ እንደደረሱ ቦታውን በካርታው ላይ ምልክት አድርገው ያስቀምጡ፤ ስትጠፉ ሰማያዊዋን ነጥብ እያዩ ወደ ምልክቱ መራመድ ነው። የድንኳኑን ቁጥርና በአቅራቢያ ያለውን ምሰሶ ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ ፎቶ ኔትወርክ አይጠይቅም።

የዱዓ መጽሐፉን፣ የሚወዱትን ቃሪእ ቲላዋና የቡድኑን መርሐ ግብርም አስቀድመው ያውርዱ። በአረፋ ቀን፣ ያ ሁሉ መንገድ የተለፋበት ሰዓት ላይ፣ የሚሽከረከር ክብ እያዩ ዱዓ እስኪከፈት መጠበቅ ያሳዝናል። ኑሱክ በሚባለው የሳዑዲ የሐጅና የኡምራ መተግበሪያ ላይ የያዙት፣ መዲና በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ያለውን ረውዳ የሚጎበኙበት ቀጠሮ ካለም በሩ ላይ ሳይደርሱ ኔትወርክ ባለበት ይክፈቱት። የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ሲመዘገቡ ወደሰጡት ስልክ ወይም ኢሜይል ስለሆነ ያ ቁጥር አብሮዎት መሆን አለበት።

ዳታ ሲቆም አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። የአሚሩንና የሁለት ጓዶችን ቁጥር በ966 ወይም በ251 መነሻው ሙሉ አድርገው ይመዝግቡ፤ በወረቀትም ይጻፉት። ወረቀቱን አይናቁት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መካ ሐረም አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት ስልክ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ሆትስፖት የከፈተው ደግሞ ቀድሞ ይግላል።

ቤተሰብ የሚደውልበትን መንገድ አስቀድሞ አለመስማማት

ሳዑዲ በኢንተርኔት ጥሪ ላይ የነበረውን እገዳ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 መስፈርት ለሚያሟሉ መተግበሪያዎች አንሥታለች፤ የዋትስአፕ ጥሪ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት እንቢ ሲል ኖሯል። በባሕረ ሰላጤው የሚኖሩ ወገኖቻችን ኢሞ የተባለውን የጥሪ መተግበሪያ የለመዱት ለዚህ ነው። ከመሄድ በፊት በተጓዡም በቤተሰቡም ስልክ ሁለት አማራጭ መተግበሪያ ጭኖ፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ደውሎ መሞከር ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ግን ጥሪው ባይሠራም ይሄዳል፤ ዳታውም ጥቂት ነው።

ሰዓቱንም ይወስኑ። ከኢሻ በኋላ ሁሉም ወደ ሆቴል ስለሚመለስ ዋይፋዩ ይታነቃል፤ ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። ጠዋፍ መሐል ቆሞ ቪዲዮ የሚደውል ሰው ዳታውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውን ሕዝብም ያሰናክላል። ቤት ላሉትም አንድ ነገር ይንገሯቸው፤ ከዙልሒጃ 8 ጀምሮ ለአንድ ሁለት ቀን ድምፅ ቢጠፋ እንዳይደናገጡ፣ ለመላው ዘመድ የሚያሳውቅም አንድ ልጅ እንዲመደብ።

ተጓዧ እናትዎ ከሆኑና ስልኩን የሚያዘጋጁት እርስዎ ከሆኑ፣ ይህን ሁሉ ከጉዞው ሳምንት አስቀድመው ይጨርሱና ስልኩን መልሰው ይስጧቸው። በአዲሱ ቅንብር ጥቂት ቀናት ሀገር ቤት ይለማመዱበት፤ የድምፅ መልእክት መላክን፣ ዳታ ማብራትና ማጥፋትን፣ የአሚሩን ቁጥር ማግኘትን በእጃቸው ደጋግመው ይሥሩት። ቦሌ መግቢያ ላይ በጥድፊያ የተነገረ ነገር አውሮፕላኑ ሳይነሣ ይረሳል።