ከመለጠፋችሁ በፊት፦ የጤና ባለሙያዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ በነርስነት ስሠራ ብዙ ጊዜዬ ነው። ስለ ታካሚዎችና ስለ ሥራችን በማኅበራዊ ሚዲያ ስንለጥፍ በሥራ ባልደረቦቼ ላይም በራሴም ላይ ያየኋቸውን ስህተቶች እጽፋለሁ።

ከሁሉ የከፋው «ፊቱን ሸፍኜዋለሁ» ብሎ መተማመን ነው። አንድ ባልደረባዬ የፈላ ውኃ እግሩን ያቃጠለውን ሕፃን ፎቶ አንሥቶ፣ ፊቱን አደብዝዞ፣ እናቶች እንዲጠነቀቁ የሚመክር ጽሑፍ አክሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በአልጋው ጫፍ የእናትየዋ አረንጓዴ ሻሽና እንሶስላ የሞቀው እጇ ይታያል። ወንድሟ ጂዳ ነው የሚኖረው። በሰው አገር እንዳይጨነቅ ብለው ነገሩን ደብቀውታል። ሻሹን የላከላት እሱ ነውና ፎቶውን ሲያይ አወቃት፤ ሌሊቱን በስልክ ሲያለቅስ አደረ። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውኃ ሰው የሚተዋወቀው በመልክ ብቻ አይደለም፤ በጋቢውም፣ በአረማመዱም ይተዋወቃል።

«አስፈቅጄ ነው ያነሣሁት» ማለትም አይበቃም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል፤ ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ግን መድኃኒት ከእጃችሁ የምትጠብቅ እናት «እሺ፣ ልጄ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ታካሚው ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ጽሑፉን አንብባችሁለት ጠይቁት። ያን ጊዜ እንቢ ለማለት አይፈራም።

በቴሌግራም «ቡድኑ የእኛ ብቻ ነው» ብሎ የታካሚን ካርድ መላክም ያው ነው። ከአባላቱ አንዱ ወደ ሌላ ሰው ካሳለፈው መመለሻ የለውም።

ከአዳር ተረኝነት ወጥቶ በንዴት መጻፍ የእኔ ስህተት ነበር። አንድ ጠዋት ስለጮኸብኝ አስታማሚ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ፤ እንቅልፍ ስለጣለኝ ብቻ ሳልለጥፈው ቀረ። ማታ ስመለስ ሰውየው ሚስቱን ከወረኢሉ ገጠር በቃሬዛ አሸክሞ አስፋልት እንዳደረሳት፣ ከዚያም ሁለት ቀን እንዳልተኛ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ከተረኝነት በወጣሁበት ቀን አልጽፍም።

ያልተጣራ ወሬን በሙያ ማዕረግ ማጋራትም አለ። «የግል አስተያየቴ ነው» ብላችሁ ብትጨምሩም ሰው የሚይዘው ነጩን ጋዋን ነው። በየቤቱ ቡና ጀባ ሲባባል፣ አቦል ላይ «አሉ» የነበረው ወሬ በረካ ሳይደርስ «ሲስተር ናት የጻፈችው» ይሆናል፤ ልጁን ሊያስከትብ ያሰበ አባትም በዚያ ቃል ይቀራል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሳይከተብ የሚቀረው ልጅ ነው።

ከተሳሳቱ በኋላ ይቅርታውንም እዚያው ገጽ ላይ መጻፍ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ስህተት ነው፤ ያላየው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መፈለግ ይጀምራል። ባልደረባዬ ፎቶውን አጠፋው፤ ያጋሩትንም አንድ በአንድ ለመናቸው። በማግስቱ አንድ ትልቅ ሰው ይዘን ቤታቸው ሄድን፤ ጂዳ ላለው ወንድሟም ከዚያው ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው።