የማንጎ ወይን በቤት፦ ባሕር ዳር ላይ ጀማሪ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ሚያዝያ ሲጋመስ ቅዳሜ ገበያ ማንጎ በማንጎ ይሆናል። ዋጋውም ይረክሳል። «እስኪ ከዚህ ወይን ልሞክር» የሚለው ሰው የሚበዛውም ያኔ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የወይን ፍሬ እኛ ጋ ውድ ነው፤ ማንጎው ግን በደጃችን ነው፣ ሎሚውም ከዘጌ ይመጣል። ችግሩ አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚማረው ከዩቲዩብ መሆኑ ነው። የቪዲዮው ባለቤት ቀዝቃዛ ምድር ቤት አለው። የእኛ ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሙቀቱን መናቅ

እርሾ ተረጋግቶ የሚሠራው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ባሕር ዳር በሚያዝያና በግንቦት ቀን ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች። በዚያ ላይ የሚፈላው ነገር ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ውስጥ ከክፍሉም ይብሳል። ላይ ላዩን ሲያዩት ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። አረፋው ይገነፍላል፣ በሦስት በአራት ቀን ጸጥ ይላል። «ደረሰ» ይባላል። ግን እርሾው ሲጣደፍ ከተለመደው አልኮል ጋር ከበድ ያሉ ሌሎች አልኮሎችንም ይሠራል። ጉሮሮ የሚያቃጥለው፣ አፍንጫ ላይ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ የሚጥለው እሱ ነው። ከዚያ ሰው ማንጎውን ይወቅሳል። ማንጎው ምን በወጣው!

መላው ርካሽ ነው። ጀሪካኑን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት። እርጥብ ጆንያ ወይም አሮጌ ፎጣ አልብሱት፤ የጨርቁ ጫፍ ሳፋው ውስጥ ይነከር። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ይህ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ዝናቡ ከገባ ብዙም አይረዳም፣ ግን ያኔ አየሩ ራሱ ይቀዘቅዛል። ሰፊ ፍሪዘር ያላችሁ ደግሞ ማንጎውን ልጣችሁ አስቀምጡትና ሐምሌ ላይ ጀምሩ። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ማንጎ ጭማቂውን በቀላሉ ይለቃል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን ይቅርባችሁ።

ክዳኑን ጥርቅም ማድረግ፣ ወይም ጭራሽ አለመክደን

ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። መውጫ ካጣ ጀሪካን ይነፋል፣ ጠርሙስ ይፈነዳል። የሚፈናጠር ስባሪ ዓይን ያጠፋል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም።

«እንግዲያው ክፍቱን ልተወው» ካላችሁ ደግሞ ያቺ የበሰለ ማንጎ ላይ የምታንዣብበው ደቃቅ ዝንብ ትመጣለች። ብቻዋን አትመጣም፤ አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ይዛ ነው። እነሱ አየር ካገኙ ወይናችሁ ለሰላጣ ብቻ ይሆናል።

ከመድኃኒት ቤት የጉሉኮስ ቱቦ ግዙ። ክዳኑን በቱቦው ልክ ብሱና አስገቡት፤ ዙሪያውን በሰም ድፈኑ። የውስጡ ጫፍ ከፈሳሹ በላይ ይቅር፣ አለበለዚያ የማንጎ ጭረት ይገባና ይደፍነዋል። የውጪው ጫፍ ግማሽ ድረስ ውሃ በያዘ ሃይላንድ ውስጥ ይጠለቅ። የሃይላንዱን አፍ አትዝጉት። መጀመሪያ ቡል፣ ቡል፣ ቡል ይላል። ከቀናት በኋላ አንዷን አረፋ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። የሥራውን ሂደት በዓይን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ግን፣ ሥጋው ገና አብሮ ስላለ፣ አፉ ሰፋ ባለ ዕቃ አድርጋችሁ ጥቅጥቅ ባለ ነጠላ ጨርቅ እሰሩት፤ በቀን ሁለት ጊዜ አማስሉት፣ ከዚያ አጥልላችሁ ወደ ጀሪካን ገልብጡት።

«ይጠንክርልኝ» ብሎ ስኳር መከመር

በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ስኳር አንድ በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ለ10 ሊትር፣ 11 በመቶ ለሚሆን ወይን፣ በጠቅላላው 1.9 ኪሎ ገደማ ስኳር ይበቃል። 4 ኪሎ የማንጎ ሥጋ ከዚህ ግማሽ ኪሎ ያህሉን ራሱ ያመጣል። ስለዚህ የምትጨምሩት 1.4 ኪሎ ቢሆን ነው። የዳቦ እርሾ ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይደክመዋል። ከዚያ በላይ የጨመራችሁት ስኳር ጥንካሬ አይሆንም፣ ሽሮፕ ሆኖ ይቀራል። ይልቅ የሁለት ሎሚ ጭማቂና አንድ ሲኒ ወፍራም ሻይ ጨምሩ። ማንጎ የሚጎድለው ጣዕሙን ኮምጠጥና ጠንከር የሚያደርገው ነገር ነው።

ጌሾ መጨመር

ጌሾ ለጠጅና ለጠላ ነው። ምሬቱ ከማር ጋር ይስማማል፣ ከማንጎ ጋር ግን ይጣላል። የሚያፈላላችሁ እርሾው ነው፤ ጌሾውን ለጠጃችሁ አቆዩት።

ያገኙት ዕቃ ላይ መጣል

የዘይት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ሽታው አይለቅም። የአሉሚኒየም ድስትም አይሆንም፤ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። በበረኪና ካጸዳችሁ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ክሎሪኑም ይወጣል።

ለበዓል ማድረስ

ጠጅ በሁለት በሦስት ሳምንት ሊጠጣ ይችላል። የማንጎ ወይን አይችልም። ማንጎ ፔክቲን (ፈሳሹን የሚያደፈርስ፣ ማርማላታን የሚያረጋው የፍራፍሬ ሙጫ) ስላለው ቶሎ አይጠራም። አረፋው ከቆመ በኋላ ታች የተኛውን አምቡላ ሳትነካኩ በቱቦ ወደ ንጹሕ ዕቃ ሳቡት። ከወር በኋላ ድገሙት። ሦስት ወር ካልሞላው ለእንግዳ አታቅርቡት ባይ ነኝ። የማጣራት ትዕግሥት አልቆ ወደ አረቄ ማውጣት የሚሄዱም አሉ፤ እሱ በመኖሪያ ቤት እሳት ላይ የሚሞከር አይደለም።

ወደ ጠርሙስ ስትገለብጡ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ሃይላንድ ሞልታችሁ ግጥም አድርጋችሁ ክደኗትና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጧት። በየቀኑ ጫን እያላችሁ እዩዋት። በሳምንት ውስጥ ከጠነከረች ውስጡ ገና እየሠራ ነውና ጠርሙሶቹን አትድፈኑ። እንደለሰለሰች ከቆየች ቡሽ ፈልጉ።