የድሮውን የኮምፒውተር ጎልፍ እንዴት መጫወት ይቻላል? ከዝግጅት እስከ አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ

በደሴ ጌም ቤቶች ወጣቱ ወረፋ የሚይዘው ለእግር ኳስ ጨዋታዎች ነው፤ ጎልፍ በስክሪን የሚጫወት ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ለዓመታት ተጫውቼው ያልሰለቸኝ ጨዋታ ቢኖር ሊንክስ 386 ፕሮ የተባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሮች ይሠሩበት በነበረው በዶስ ዘመን የወጣ ጎልፍ ነው። አክሰስ ሶፍትዌር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ 386 ፕሮሰሰር ላላቸው ኮምፒውተሮች የተሠራ ሲሆን ዛሬ በአሮጌ ላፕቶፕ እንኳን ያለችግር ይሠራል። ይህ መመሪያ ጎልፍን በሜዳም ሆነ በስክሪን ሞክሮ ለማያውቅ አንባቢ የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ ዶስቦክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ ይጫኑ። ይህ ፕሮግራም የዛሬውን ኮምፒውተር እንደ ድሮው የዶስ ኮምፒውተር እንዲሠራ ያደርገዋል። በዊንዶውስ ላይ ቀላሉ መንገድ የጨዋታውን ማስጀመሪያ ፋይል በማውስ ጎትቶ በዶስቦክስ ምልክት ላይ መጣል ነው። ጨዋታው ሲከፈት ኦልትን እና ኢንተርን አንድ ላይ ቢጫኑ ስክሪኑን ይሞላል፤ ማውሱ ከመስኮቱ አልወጣም ካለ ደግሞ ኮንትሮልን ከኤፍ 10 ጋር ይጫኑ። ሥዕሉ ቀስ እያለ የሚመጣ ከሆነ ኮንትሮልና ኤፍ 12 ያፈጥኑታል፤ ከመጠን በላይ ከፈጠነም ኮንትሮልና ኤፍ 11 ይመልሱታል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ እላለሁ። ሊንክስ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ሜዳውን እንደ አዲስ የሚሥል ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ሣሩ፣ ከዚያ ዛፎቹ አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ በዓይን ይታያል። ለእኔ ከጨዋታው ውበት አንዱ ይኸው ነው፤ ተጫዋቹም በዚያች ጊዜ ስለሚቀጥለው ምት ያስባል።

ከጨዋታው ሕግ የሚበቃዎት ጥቂቱ ነው። አንዲት ትንሽ ኳስ ከመነሻው ቦታ ተመትታ፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ጉድጓድ ውስጥ መግባት አለባት። አንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓዶች ሲኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ፓር የሚባል የተመደበ የምት ብዛት አለ፤ ይኸውም 3፣ 4 ወይም 5 ነው። ከሊንክስ 386 ፕሮ ጋር የመጣው ሜዳ በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የሚገኘው ሃርበር ታውን ሲሆን ጠቅላላ ፓሩ 71 ነው። ጀማሪ በየጉድጓዱ አንድ ምት ቢጨምር በ89 ይጨርሳል፤ ይህ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያኮራ ውጤት ነው። ገና ሲጫወት ላደገ የወሎ ልጅ ዱላና ኳስ እንግዳ ነገር አይደሉም። ይሁን እንጂ በገና ሩሯን ከብዙ እግር መሃል አውጥቶ በኃይል መለጋት ሲያስመሰግን፣ በጎልፍ ማንም የማይከለክልዎት ብቻዎን ቆመው ነው፤ ኃይል ከልኩ ሲያልፍም ራስዎን ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ምት የሚመታው በስክሪኑ ላይ በሚታየው የኃይል መለኪያ ነው። ይህ አሠራር የዳበረው በቀደሙት ጨዋታዎች ነው፤ በኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳቶሩ ኢዋታ ፕሮግራሙን የጻፉለትና እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የኒንቴንዶ ጎልፍም ኃይልንና ትክክለኛነትን በአንድ ተንቀሳቃሽ መስመር ያስለካ ነበር። በሊንክስ የማውሱን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ አመልካቹ መውጣት ይጀምራል፤ የፈለጉት ኃይል ላይ ሲደርስ ይለቁታል፤ አመልካቹ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ዱላው ኳሷን በሚነካበት ምልክት ላይ እንደገና ይጫናሉ። በቀኝ እጅ ለሚመታ ተጫዋች፣ ይህን የመጨረሻ ጭነት ካስቀደሙ ኳሷ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች፤ ካዘገዩ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ኃይሉን ከመቶ በመቶ በላይ ካሳለፉ ትንሿ ስህተት ሁሉ ትገዝፋለችና፣ ሙሉ ኃይል ሲያስፈልግዎ እንኳን ከመቶው በታች ቢያቆሙ ይሻላል።

ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤት ልጅ ሳስተምር የመጀመሪያዎቹ አምስት ምቶቹ በሙሉ ወደ ግራ ሄዱ። «ጋሼ፣ እጄ ቀድሞኝ ይሄዳል» አለኝ፤ ችግሩን ከእኔ በተሻለ ገልጾታል። ዓይኑ ኳሷ ላይ ስለነበረ አመልካቹ ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ይጫን ነበር። ኳሷን ትቶ አመልካቹን ብቻ እንዲያይ፣ ሲወጣ «አንድ»፣ ሲወርድ «ሁለት» እያለ ድምፁን አውጥቶ እንዲቆጥር አደረግሁት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምቶቹ መስመር ያዙ። እርስዎም ወደ ሜዳ ከመውጣትዎ በፊት በአንድ ዱላ ብቻ ሃያ ጊዜ ያህል ይምቱ። በተቻለ መጠን ባለገመድ ማውስ ይጠቀሙ፤ ማውሱ ወይም ስክሪኑ ትንሽ ከዘገየ እጅዎ ትክክል ሆኖ ሳለ ኳሷ ወደ ቀኝ ልታመልጥ ትችላለች።

እጅ ከለመደ በኋላ የሚቀረው ስሌት ነው። ርቀት የሚነገረው በያርድ ሲሆን አንድ ያርድ ከ91 ሳንቲሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ 150 ያርድ ማለት 137 ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱ ዱላ የሚያደርሰው ከፍተኛ ርቀት አለው፤ ረጅሙ ድራይቨር ነው፤ አይረን የሚባሉት ደግሞ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ርቀታቸው እያጠረ ኳሷን ወደ ላይ ያነሳሉ። እንበልና በእጅዎ ያለው ዱላ 150 ያርድ ያደርሳል፤ ጉድጓዱ ግን 120 ያርድ ላይ ነው። ምርጫዎ ሁለት ነው፤ በዚያው ዱላ 80 በመቶ ኃይል መምታት ወይም አጠር ያለ ዱላ ወስዶ ወደ ሙሉ ኃይል መጠጋት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እጅ የሚለምደው አንድ ዓይነት ምት ነው።

ነፋስን ደሴ ላይ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲመጣ ጃንጥላ ይገለብጣል። በጨዋታው ግን ፊትዎን አይነካውም፤ ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስትና ቁጥር ሳያዩ በፍጹም አይምቱ። የጎልፍ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ በሰዓት አንድ ማይል የሚነፍስ የፊት ነፋስ ርቀቱን በመቶ አንድ ያህል ያስረዝመዋል። ነፋሱ 10 ማይል ከሆነ 150 ያርዱን እንደ 165 ቆጥረው ዱላ ይምረጡ። ከኋላ የሚነፍሰው ግን የሚረዳዎት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ኳሷ ረጅም ሣር ወይም አሸዋ ውስጥ ከወደቀች ርቀቷ ይቀንሳልና ጉድጓዱን ረስተው መጀመሪያ ወደ ንጹሁ ሣር ይመልሷት።

ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት ሣሩ በጣም አጭር የሆነው ቦታ ላይ ሲደርሱ ፓተር የተባለውን ዱላ ይይዛሉ፤ ፓት በሚባለው በዚህ ምት ኳሷ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ኃይል በማሳነስ ነው፤ ሳትደርስ የቀረች ኳስ የመግባት ዕድል የላትም፤ ጉድጓዱን በአንድ ጫማ ያህል ልታልፍ በምትችልበት ኃይል ይምቱ። ተዳፋት ካለ ወደ ከፍታው ወገን ያነጣጥሩ፤ ኳሷ ፍጥነቷ ሲቀንስ ይበልጥ ስለምትታጠፍ፣ ብዙው መታጠፍ የሚሆነው ጉድጓዱ አጠገብ ነው።

ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ ጨዋታውን ሴቭ ያድርጉ። እኔ አንድ ምሽት አሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ፣ በሕይወቴ ምርጡን ዙር እየተጫወትኩ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ ባትሪው ያለቀበት ስለነበር ሁሉም ነገር አብሮ ጠፋ። ሴቭ ለማድረግ ከአሥር ሰከንድ በላይ አይፈጅም ነበር።

በመጨረሻም በሃርበር ታውን አሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ ይደርሳሉ። ፓሩ 4 ነው፤ በሩቁ ቀይና ነጭ ዥንጉርጉር የመብራት ማማ ይታያል፤ በግራ በኩል ደግሞ ውኃ አለ። እጁን ማስቀደም የለመደ ተጫዋች እዚህ ይቀጣል፤ ወደ ግራ የተጠመዘዘች ኳስ ውኃ ትገባለች፤ አንድ ምትም ይጨመርብዎታል። ሣሩ ወደ ቀኝ ሰፊ ስለሆነ ከማማው በስተቀኝ ያነጣጥሩ፤ ነፋሱን ይዩ፤ ኃይሉን ከመቶ በታች ይልቀቁ፤ «አንድ፣ ሁለት» ብለው ይጫኑ። ሁለተኛው ምት ግሪኑ ላይ ካረፈ ሁለት ፓት ይቀርዎታል፤ ካላረፈም ዌጅ የተባለውን ለአጭር ርቀት የሚሆን ዱላ ወስደው ያስጠጓት፤ ከዚያ ኳሷ ጉድጓድ ስትገባ የሚሰማውን ትንሽ ድምፅ ይጠብቁ።