ከውሃ መስመር በታች ያሉትን ቫልቮች አትርሱ

አሮጌ ባለሸራ ጀልባ የገዛ ሰው ዐይኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሸራው፣ በምሰሶውና በቀለሙ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ከውሃ መስመር (የውሃው ወለል የጀልባውን አካል ከሚነካበት መስመር) በታች ያሉት ቫልቮች፣ ማለትም በጀልባው አካል ላይ ካሉ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ በሚገቡ ቱቦዎች ላይ ውሃውን የሚከፍቱና የሚዘጉት መሣሪያዎች፣ እንዲፈተሹ አጥብቄ እመክራለሁ። 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ስለሚያስገባ፣ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ሊቋቋመው ያዳግተዋል።

እያንዳንዱን ቫልቭ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ሳይነካ ከቆየ በሚያስፈልግበት ሰዓት አልንቀሳቀስ ይላል። ጀልባው ለጥገና ወደ ደረቅ መሬት ሲወጣ ደግሞ የብረቱን ገጽ ጥቂት ፋቅ አድርጋችሁ ቀለሙን ተመልከቱ። ከመዳብና ከዚንክ የተቀየጠው ናስ በጨው ውሃ ውስጥ ዚንኩን እያጣ ሲሄድ ወርቃማነቱን ትቶ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ቅርጹ ሳይለወጥም ውስጡ ተቦርቡሮ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሳትውሉ ሳታድሩ ለባሕር በተሠራ ነሐስ ለውጡት።

በየቫልቩ አጠገብ፣ ልኩ የሆነ ከለስላሳ እንጨት የተጠረበ ሾጣጣ ውታፍ በገመድ ማሰርም አይዘንጋ፤ ቱቦው በሌሊት ቢፈነዳ በጨለማ ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው።